ብርድ ላይ እምቢ ለሚል አሮጌ መኪና ምን ይቅደም? ባትሪ፣ ማሞቂያ ካንዴላ፣ ዘይት ወይስ መግፋት

ኅዳርን ደብረ ብርሃን የከረመ ሰው ይህን ጠዋት ያውቀዋል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነው ያደረው። የመኪናው መስታወት ላይ አመዳይ ተጋግሯል፤ በጥፍራችሁ ስትፍቁት እንደ ጨው ይረግፋል። ቁልፉን ታዞራላችሁ። ሞተሩ አንድ ሁለት ጊዜ ያቃስትና ጸጥ ይላል።

ያን ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ መካኒክ ነው። አንዱ "ባትሪህ አልቋል" ይላል። ሌላው "እንግፋው" ይላል። ሌላው ደግሞ የከሰል ምድጃ ሊያመጣ ቤቱ ይሮጣል። የትኛው መቼ እንደሚሠራ ካላወቃችሁ ግን ዋጋ ትከፍላላችሁ፤ ምክንያቱም አንዱ መፍትሔ በትንሽ የዳቦ ሶዳና በሙቅ ውሃ ያልቃል፣ ሌላው የወር ደመወዝ ይዞ ይሄዳል።

እኔ የምነዳው አሮጌ ናፍጣ ሃይሉክስ ነው። ከሱ በፊት ዲኤክስ ኮሮላ ነበረችኝ። ሁለቱም ውጭ ነው ያደሩት። አምና ሃይሉክሱ ጠዋት ጠዋት ሲያስቸግረኝ ሰንብቶ አንድ ሱቅ ገብቼ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ሻጩ አሮጌውን ሳይለካ "ይሄማ ሞቷል" አለኝ፤ እኔም አመንኩት። በሦስተኛው ጠዋት መኪናው ያው እምቢ አለ። ጥፋቱ የት እንደነበረ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ያን ገንዘብ በከንቱ እንዳያወጣ ብዬ ነው።

እኛ ጋ ለምን ይብሳል?

ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። መሐል ሜዳና የጣርማበር አናት ከ3,000 ሜትር ያልፋሉ። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ልዩነቱን ለማየት ሮቢት ወርዶ ማደር ይበቃል። የኔ መኪና እዚያ ሲያድር ጠዋት በግማሽ ዙር ይነሳል። ያው ባትሪ፣ ያው ናፍጣ፣ ያው ሞተር። ደብረ ሲናን አልፌ፣ ጣርማበርን ወጥቼ፣ ቤቴ አሳድሬው በማግስቱ ሳዞረው ግን ሌላ መኪና ነው የሚመስለው።

በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ይሆናል። ባትሪ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከማስነሻ ጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። ዘይቱ ይወፍራል፤ ስለዚህ ሞተሩን የሚያዞረው ሞተሪኖ ከወትሮው የበለጠ ጉልበት በሚፈልግበት ሰዓት ነው ባትሪው የሚደክመው። ሦስተኛው ከፍታው ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ለናፍጣ ሞተር ይህ ከባድ ነው። ናፍጣ በእሳት ብልጭታ አይነሳም፤ ሞተሩ አየሩን እስከ 22 እጥፍ ድረስ ጨምቆ በሚያገኘው ሙቀት ነው የሚነደው። የሚጨመቀው አየር ከሳሳና ከቀዘቀዘ ሙቀቱም ያንሳል።

ብርድ ጤነኛ መኪና አያበላሽም። ድሮም ደከም ያለውን ክፍል ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ምን ልግዛ ከማለታችሁ በፊት የደከመው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ።

መጀመሪያ ድምፁን

ቁልፉን ስታዞሩ አንድ ጊዜ "ጠቅ" ብሎ ዝም ካለና የዳሽቦርዱ መብራት ካልደበዘዘ ሞተሪኖውን ጠርጥሩ። "ጠቅ ጠቅ ጠቅ" እያለ በፍጥነት ከደጋገመና መብራቱ ከሞተ ባትሪው ባዶ ነው፣ ወይም ማሰሪያው አልያዘም። ቀስ ብሎ፣ እያቃሰተ ከዞረ ባትሪ፣ ገመድ ወይም ዘይት ነው። በደንብ፣ እንደ ወትሮው ፈጥኖ እየዞረ አልነሳ ካለ ግን ባትሪውን ተዉት። ባትሪው ሥራውን ሠርቷል። ያኔ የሚታየው ነዳጁ፣ ብልጭታው ወይም ማሞቂያው ነው።

ይህን ለይቶ ማወቅ ምንም አያስወጣም። ግን ስንቶቻችን ነን ሞተሩ ፈጥኖ እየዞረ ባትሪ የቀየርነው?

ማጽዳት፣ ማስሞላት ወይስ አዲስ ባትሪ?

ቀስ ብሎ ለሚዞር መኪና ምርጫው እነዚህ ሦስቱ ናቸው፤ እኔ በዚሁ ቅደም ተከተል እንድትሄዱ ነው የምመክረው።

ከማጽዳት ጀምሩ። የባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ ነጌቲቩን ቀድማችሁ ፍቱ። የዳቦ ሶዳ በሙቅ ውሃ በጥብጡና አፍስሱበት፤ ይፈላል፣ ዱቄቱም ይለቃል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፣ አድርቁት፣ አጥብቃችሁ እሰሩት፣ ከላይ ስስ ግራሶ ቀቡት። ውሃው ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ፣ ዓይናችሁም ላይ እንዳይረጭ ተጠንቀቁ።

የኔ ጥፋት ግን እዚያ አልነበረም። የባትሪው ራስ ንጹሕ ነበር። አዲሱን ባትሪ ከገዛሁ በኋላ ነው ጋሼ የምንላቸው አንድ የቆዩ መካኒክ ዘንድ የሄድኩት። ኮፈኑን ከፍተው ለአፍታ አዩና "አንተ አዙር፣ አሥር ሴኮንድ ያህል" አሉኝ። አዞርኩ። ከዚያ ጠሩኝና እጄን ይዘው ከባትሪው ነጌቲቭ የሚመጣው ገመድ ሞተሩ ላይ የታሰረበትን ቡሎን አስነኩኝ። ብረቱ ሁሉ ጣት በሚያደነዝዝ ብርድ ላይ ያቺ አንዲት ቡሎን ብቻ ትኩስ ነበረች። "እዚች ጋ ነው ባትሪህ የሚያልቀው" አሉኝ። ፈቱት፣ የዛገውን በብርጭቆ ወረቀት ፈቀው መልሰው አሰሩት። ሞተሩ ወዲያው ፍጥነት ጨመረ። ግማሹ ችግር ያ ነበር። ሌላው ግማሽ ማሞቂያ ካንዴላው ላይ ነው፤ እደርስበታለሁ።

መሞቅ ማለት የኤሌክትሪኩ መንገድ ጠቧል ማለት ነው። የዛገ ወይም የላላ ቦታ ላይ ኤሌክትሪኩ ወደ ሙቀት ይቀየርና ሞተሪኖው ይራባል። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያለው ሰው አንዱን ጫፍ የባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ይመልከት። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ነው።

ቴስተር ካልኩ አይቀር፣ አንድ ይኑራችሁ። ርካሹም ይበቃል። ጠዋት ሳታስነሱ ባትሪውን ለኩት። 12.6 ቮልት ከሆነ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ያህል፣ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ በሉት። ቀጥሎ ቁልፉ ሲዞር ለኩ። ሙሉ ባትሪ ሆኖ ሲዞር ከ9.6 በታች የሚወርድ ከሆነ ውስጡ ደክሟል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ካላሳየ ዲናሞውን ወይም ቤልቱን እዩ። ዲናሞው ካልሞላው አዲስ ባትሪም በሳምንቱ ያልቃል።

ባትሪው 12.2 ላይ ከተገኘ አትጣሉት፤ ባትሪ ቤት ወስዳችሁ ቀስ ብሎ አስሞሉት። ተሞልቶ፣ ተፈቶ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላም ከ12.4 በታች ከወረደ ያኔ አዲስ ግዙ። ተፈቶ ሲያድር ደህና ሆኖ መኪናው ላይ ሲያድር ብቻ የሚያልቅ ከሆነ የሚስብ ነገር አለ፤ አላርም፣ ቴፕ፣ የማይጠፋ የውስጥ መብራት። ሁሉም ነገር ጠፍቶ ከ0.05 አምፒር በላይ የሚሄድ ከሆነ ፈልጉት።

እዚህ ከተማ አንድ ሰው የማይጠረጥረው ምክንያት አለ። መንገዳችን አጭር ነው። ጠዋት በመከራ አስነስቶ ሁለት ኪሎ ሜትር ነድቶ ቢሮ ሄዶ የሚያጠፋ ሰው ባትሪው የሰጠውን አልመለሰለትም። ቢያንስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መነዳት አለበት። ቅዳሜ ጫጫ ወይም ሸኖ ደርሳችሁ ብትመለሱ ባትሪው ያመሰግናችኋል።

አዲስ መግዛት ግድ ከሆነ መጠኑን አትቀንሱ። የቪትዝ ባትሪ 35 አምፒር ገደማ ነው፤ ለናፍጣ ሃይሉክስ 70 እና ከዚያ በላይ ነው የሚያስፈልገው። ዋጋው ረክሶላችሁ ትንሹን ብትገዙ ሮቢት ላይ ይሠራል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ያሳፍራችኋል። ባትሪው ላይ የተመታውን የምርት ቀንም እዩ፤ መደርደሪያ ላይ የከረመ ባትሪ አዲስ አይደለም። ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምሩ፣ የቧንቧ ውሃ ያበላሸዋል።

ናፍጣ ከሆነ፦ ማሞቂያው፣ ቁልፉ ወይስ ቤንዚን የነካ ጨርቅ?

ናፍጣ መኪና በደንብ እየዞረ ካልተነሳ አንድ ሰው ከኋላ ቁሞ ጭሱን ይይ። ነጭ ጭስ ካለ ናፍጣው ገብቷል፣ ግን አልነደደም። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማሞቂያ ካንዴላው ነው፣ መካኒኮች ግሎው ፕላግ የሚሉት። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው ጨርሶ አልደረሰም፤ ማጣሪያው ተደፍኗል፣ አየር ስቧል፣ ወይም ፖምፓው ላይ ያለው የነዳጅ መክፈቻ መብራት አላገኘም። ማጣሪያው ላይ የእጅ ፓምፕ ካለ ጫን ጫን አድርጉት። መጀመሪያ ለስልሶ ቆይቶ ከጠነከረ፣ ከዚያም መኪናው ከተነሳ፣ ሌሊት አየር እየገባ ነው። የማጣሪያውን ጎማና የናፍጣ ቱቦዎቹን እዩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ የተጠመዘዘች ቢጫ ምልክት በርታ ስትጠፋ "ማሞቂያው ይሠራል" ይላል። መብራቷ ብዙ ጊዜ የምትነግራችሁ ሰዓቱ ማለቁን ነው። ካንዴላው መሞቁን አታውቅም። አራቱም ተቃጥለው መብራቷ በደንብ በርታ ትጠፋለች።

መፈተኑ ቀላል ነው። አራቱን የሚያገናኘውን ብረት ፍቱ። ከባትሪው ፖዚቲቭ በትንሽ አምፖል በኩል የእያንዳንዱን ካንዴላ ራስ ንኩ። አምፖሉ ከበራ ካንዴላው ደህና ነው፤ ካልበራ ተቃጥሏል። የኔዎቹ ሁለቱ ሞተው ነበር። አራት ሲሊንደር በሁለት ማሞቂያ፣ ያውም በኅዳር!

ስትቀይሩ የድሮው ላይ የተጻፈውን ቮልት አይታችሁ ያንኑ ግዙ። ዝቅተኛ ቮልት የሚፈልገውን ባለ 12 ቮልቱ ቦታ ብታስገቡት በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። ፈቺው ደግሞ ሞተሩ ሞቆ እያለ፣ ቀስ ብሎ ይፍታ። በስብሶ የያዘ ካንዴላ ውስጥ ከተሰበረ ሌላ ጣጣ ነው።

ማሞቂያዎቹ ደህና ሆነው ሰዓት ቆጣሪው ወይም ኤሌክትሪክ የሚያቀብላቸው ሪሌ ከተበላሸ ሁለት ምርጫ አለ። ኦሪጅናሉን ፈልጎ መግጠም አንዱ ነው። ሌላው ብዙ አሮጌ ናፍጣ ላይ የምታዩት፣ በእጅ የሚጫን ቁልፍ ማስገጠም ነው። እኔ ሁለተኛውን አልንቅም። ርካሽ ነው፣ ይሠራል። ግን አራቱ ካንዴላ በጋራ ከ40 አምፒር በላይ ሊስቡ ይችላሉ፤ ስለዚህ ወፍራም ሽቦ፣ ሪሌና ፊውዝ ይኑረው። በቀጭን ሽቦ በቀጥታ በቁልፉ ያሳለፈ ሠራተኛ እሳት ነው ያስገጠመላችሁ። ስትጠቀሙ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ይበቃል፣ ከዚያ አዙሩ።

ቤንዚን የነካ ጨርቅ የአየር መግቢያው ላይ የሚይዙትን፣ ወይም ኤተር የሚነፉትን በተመለከተ ደግሜ ደጋግሜ እላለሁ፣ አታድርጉት። ማሞቂያው የጋለ ከሆነ እዚያው መግቢያው ውስጥ ይፈነዳል። ካልፈነዳም ያለጊዜው እየነደደ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) ይሰብራል። የከሰል ምድጃ ከሥር ማስገባትም እንዲሁ። አሮጌ ሞተር ከሥሩ ዘይት ያዘለ ነው። የፍሬን ጎማ አለ፣ የናፍጣ ቱቦ አለ። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ከሆነ ደግሞ የከሰሉ ጭስ ሰው ይገድላል።

ማሞቂያው ተቀይሮ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ነጭ ጭሱ ካልቀረ፣ መኪናውም ሮቢት ወርዶ ጭምር ካስቸገረ፣ ሞተሩ መጭመቅ አቅቶታል ወይም ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ያንጠባጥባል። ያኔ የኮምፕሬሽን ልኬት አሠሩ።

ቤንዚን ከሆነ

ዲኤክስና ካርቡራተር ያላቸው ቾኩን፣ የሚገባውን አየር የሚቀንሰውን፣ ይፈልጋሉ። ቾኩን ስቡ፣ ነዳጅ መስጫውን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ረገጥ አድርጉ፣ አዙሩ። አየራችን ስስ ስለሆነ ካርቡራተር እዚህ ድሮም ቤንዚን ያበዛል፤ አሥር ጊዜ የረገጠ ሰው ካንዴላውን ያጠጣዋል። ሽታው ከመጣ ቾኩን መልሱ፣ መስጫውን እስከ ታች ረግጣችሁ ያዙትና ሳታንቀሳቅሱ አዙሩ። በተነሳ በደቂቃ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ቾኩን ቀስ በቀስ መልሱት።

ኢንጀክሽን ላላቸው፣ ለቪትዝና ለመሰሎቹ፣ መስጫውን አትንኩ። ቁልፉን ሳታስነሱ ክፈቱ፣ ሦስት ሴኮንድ ጠብቁ፣ ዝጉ፣ እንደገና ክፈቱና አስነሱ። ፓምፑ ነዳጁን ይገፋል። ይህን ስታደርጉ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ፓምፑ ወይም ማጣሪያው ደክሟል። ሲቀዘቅዝ ብቻ አስቸግሮ ሲሞቅ ምንም የማይል ከሆነ ደግሞ የራዲያተር ውሃ ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር አስፈትሹ። እሱ "ሞቋል" ብሎ ከዋሸ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይቀንሳል። ትንሽ ዕቃ ናት፤ ብዙ ሰው ከሷ በፊት ፓምፕ ይገዛል። ካንዴላ ለመቀየርም አሮጌዎቹን አይታችሁ ወስኑ።

ዘይት

ባለ አንድ ቁጥሩን 40 ዘይት ለደጋ አትጠቀሙ። 20ደብሊው50 ይሠራል፣ ግን ጠዋት ይከብዳል። 15ደብሊው40 ለናፍጣ የኔ ምርጫ ነው፤ ወደ ቆላ ስወርድም አላስቸገረኝም። ዘይት ለማይበላ የቤንዚን ሞተር 10ደብሊው40 ይሻላል። ሞተራችሁ ዘይት የሚበላ ከሆነ ወፍራሙን መልቀቅ ያስፈራል፣ እውነት ነው፤ እንግዲያው 15ደብሊው40 ላይ ቆሙ። የመጀመሪያው ቁጥር ባነሰ ቁጥር ብርድ ላይ ይፈሳል፣ ይኸው ነው።

አሁን፣ ዛሬ ጠዋት መሄድ ላለበት ሰው

መግፋት፣ እስፒንታ የምንለው፣ ማንዋል ማርሽ ላለው ብቻ ነው። በሁለተኛ ማርሽ ይሁን፤ በአንደኛ ይደነቅፋል። ባትሪው ፈጽሞ ከሞተ ግን የኢንጀክሽን መኪና በመግፋት አይነሳም። ታይሚንግ ቤልቱ ያረጀ ናፍጣ ደግሞ ሲገፋ ቤልቱ ጥርስ ሊዘል ይችላል፤ ያኔ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ። ስለዚህ እኔ ከመግፋት ይልቅ ከሌላ መኪና ባትሪ በገመድ ማስነሳትን እመርጣለሁ።

በገመድ ሲሆን ፖዚቲቭ ከፖዚቲቭ ጋር፣ ነጌቲቩን ግን ከሚረዳችሁ ባትሪ ወደ እናንተ ሞተር ብረት፣ ከባትሪው ራቅ አድርጋችሁ። የሚረዳው መኪና አምስት ደቂቃ ይሥራ፣ ከዚያ አዙሩ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ብዙዎቹ አይሱዙ ኤንፒአርና ኤፍኤስአር 24 ቮልት ናቸው። ሹፌሩ "ና ወንድሜ፣ ላስነሳህ" ቢላችሁ አመስግናችሁ እለፉ፣ የእናንተን 12 ቮልት መኪና ያቃጥላል።

ፓወር ባንክ የሚመስለው ትንሹ ማስነሻ ጥሩ ነው፣ ግን እሱም ብርድ አይወድም። መኪና ውስጥ አታሳድሩት፣ ቤት ይደር።

በየትኛውም መንገድ በአንድ ጊዜ ከ15 ሴኮንድ በላይ አታዙሩ። አንድ ደቂቃ አሳርፉት። ሞተሪኖው ከተቃጠለ የብርዱ ጉዳይ ተረስቶ ሌላ ወጪ ይመጣል።

ማታ ስታቆሙት

ራዲያተራችሁ ውስጥ ያለው የቧንቧ ውሃ ብቻ ከሆነ ዛሬ ቀይሩት። ውሃ ወደ በረዶ ሲቀየር ይሰፋል፣ ሞተር ይሰነጥቃል። ሲሶው አንቲፍሪዝ ከሆነ ለኛ ብርድ ከበቂ በላይ ነው።

እኔ ማታ መኪናዬን ከነፋሱ ከልዬ፣ አፍንጫውን ወደ ምሥራቅ አዙሬ ነው የማቆመው። የጠዋቷ ፀሐይ መጀመሪያ ኮፈኑን ታገኘዋለች። ከመንዝ የመጣ አሮጌ ባና አለኝ፤ ሞተሩ ገና ሞቆ ሳለ ኮፈኑ ላይ አለብሰዋለሁ፣ ሙቀቱን ለትንሽ ሰዓት ያቆይለታል። ጠዋት ግን ቁልፉን ሳትነኩ ባናውን አንሱ፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ማራገቢያው ይጠቀልለዋል።